የመስኮት ድጋፍ

ቦልተን፣ ያባቴ ማድቤት፣ መስኮቱ ሰባራ ነበረ፣
ገመዱ ተበጥሶ ዘመን ያስቆጠረ።
ዓርብ ዓርብ ዓሣ ሲጠብስ፣ ጢሱ እንዲወጣለት
ያን ጥቁር ነገር ነበር ከሥሩ የሚያቆምለት።

ርዝመቱ ከስንዝር ያነሰ፣
ጫፉ ድቡልቡል፣ ጎኑ የለሰለሰ።
ልጅ ሆኜ በጠመኔ ዓይን ስዬለታለሁ፤
ከናፍር፣ ባርኔጣ፣ ስም አውጥቼለታለሁ፤
ሚስተር ጥቀርሻ ብዬ ሻይ አጠጥቼዋለሁ።

“ከየት መጣ?” ስለው፣ “ከሥራ” ይለኛል።
ወታደር እንደ ነበር ፎቶው ይነግረኛል፦
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጆሮው ከቆቡ ወጥቶ፣
የጡብ ግንብ ተደግፎ፣ ሊሥቅ ሞክሮ ትቶ።

ሲጠጣ ብቻ ነው፦ “እኛ ሽማግሌ ነበርን፣
ሁለት ጎረቤት ሲጣላ መሃል ገብተን የቆምን።
አንዱ ጳጳስ ይላል፣ አንዱ ንግሥት ይላል፤
የነሱን ጣጣ እንግዲህ ማን ይፈታዋል?”
ሽማግሌ! እኔም አመንኩት።
ጠመንጃ የታጠቀ ሽማግሌ የት አለ ብዬ
አንድ ቀን አልጠየቅሁት።

ትምህርት ቤት፣ ያን ስድስት ሚስት ያገባ ንጉሥ
ሦስት ጊዜ ተማርነው፣ ሠርጉ ሲደገስ፣ አንገት ሲበጠስ፤
ከባሕሩ ማዶ ያለችው ደሴት
አንድ ገጽ አልደረሳት፣ የግርጌ መስመር እንኳ የላት።
የአየር ትንበያ ላይ ነበር የማያት፣
“ዝናቡ ከዚህ ይመጣል” ብለው ሲያሳዩዋት።
ቀልድ ግን ነበረን። መሰላል ተሸክሞ
መጠጥ ቤት የገባ አየርላንዳዊ፤
ሣቅሁ፣ ሁላችንም ሣቅን።
ዜናው ፍንዳታ ሲያወራ ቀልዱን ዋጥ አደረግንና
“እነዚያ ሰዎች” አልን።

ከዚያ ልጄ አገባ።
ምራቴ ሶርቻ የዴሪ ልጅ ናት፤ ወይ የለንደንዴሪ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤
የዚያችን ከተማ ግን ሁለት መላእክት ተጣልተውባት
እያንዳንዱ የየራሱን ሰጣት፤
አንዱን ስም የጠራ ሌላው ሰፈር አያድር፣
ሁለቱንም የዘለለም ምላሱን ነክሶ ሲኖር።

አባቴ ባለፈው ጥቅምት ዐረፈ።
ቤቱን ልናጸዳ፣ የምራቴ እናት ዲምፕና
በመርከብ ተሻግራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
“ሳህኑን እኔ ልጠቅልል” ብላ ማድቤት ገባች።
መጋረጃ ስታወርድ እጇ ነካው።
አነሣችው። መዘነችው። ሳታየው ዐወቀችው።
መስኮቱ ጓ ብሎ ወረደ።

ውሃው እስኪፈላ ዝም አለች።
“ኮለም ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር” አለች፣
“ወንድሜ። ወተት ሊገዛ። ግራ ዓይኑን።”

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤
አባቴ ግን ወጊም ሆኖ የረሳ አይመስለኝም።
ወርውሮ አልጣለው፣ ሣጥን አልቆለፈበትም፤
በየቀኑ በእጁ እያነሣ
ነፋስ እንዲገባ ይሰካዋል።
ይህን ምን ብለው ይጠሩታል?
ንስሐ ነው? ጉራ ነው?
ወይስ ጎማ፣ ጎማ ነው?

“ይቅርታ” ልላት አፌን ስከፍት፣ “ተዪው” አለችኝ፤
“አንቺ አልተኮስሽም። ደግሞ እኛም ቤት፣
አጎቴ ጓሮ የቀበረው ሁሉ ድንች አልነበረም።
በየትኛው ከተማችሁ እንደበቀለ
አልጠየቅነውም።
እራታችንን በልተን ተኛን።”

ሻዩን ጠጣን። ሞቃት።
መስኮቱን በሁለት እጄ ወደ ላይ ገፋሁት፣
የማስደግፍበት ፈልጌ ዞርኩ፤
ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለት ስኒ መሃል፣
የሣልኩለት ዓይን ከታጠበ የቆየ፣
ጥቁሩ ቁጭ ብሏል።

አላነሣሁትም። እሷም አላቀበለችኝ።
ተነሥታ መጣችና ሌላውን ጎን ያዘች።
ከውጭ ዝናብ ዝናብ ይሸታል።
ክንዴ ዝሏል፤
ማናችን ቀድመን እንደምንለቅ እንጃ።