የጭነት ልክ

ስልሳ ስምንት ደረጃ ነው። የቆጠረው አባቴ ነው፤
በጣቱ አይደለም፣ በጉልበቱ፤ ለዚህ ነው ጉልበት ያነሰው።
ረሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ፣ የኛ ሕንጻ አራት ፎቅ ነው፤
የሠሩት ሰዎች ቸኩለው፣ የሊፍቱን ነገር ረስተው፣
ጣሪያ ከድነው ሄደዋል።
ከዚያ ወዲህ ጋዙም፣ ሽንኩርቱም፣ ሶፋውም፣ የታመመውም
በሰው ጀርባ ይወጣል።

በዕብራይስጥ «ሰባል» ማለት ዕቃ ተሸካሚ ነው፤
«ሴቬል» ማለት ደግሞ ስቃይ፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው።
ሦስት ፊደል፣ ያለ አናባቢ፣ በሸሚዙ ኪስ ላይ ነበር፤
ሰባት ዓመቴ ነው መሰል፣ ማንበብ ገና ስጀምር፣
«ስቃይ» ብዬ አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ፣ በሰው ፊት።
«ተሳስተሻል፤ የሥራዬ ስም ነው፣» አለኝ። ሳቀበት።
እኔም ሳቅሁ። አላወቅሁም።

አሁን አርባ ልደፍን ነው። ከፋብሪካ መልስ፣ ማታ፣
ሰሃኑን ገፋ አድርጌ ከወጥ ቤቱ ገበታ፣
መስመር አሰምራለሁ። ሐዲዱ በአጭር በአጭሩ ይቆረጥ፣
አንዱ ቁራጭ ሜትር ተኩል፣ በብብት ሥር የሚሸጎጥ፤
በፒን ይጋጠም፤ ግድግዳው በፍጹም እንዳይበሳ፣
አርጅቷል፤ የነካው ጣት አሸዋ ይዞ ነው የሚነሳ፤
ከላይ የጣሪያውን ጠርዝ አራት መንጠቆ ይጨብጠው፤
ሁለት ሰው፣ አንድ መፍቻ፣ ግማሽ ቀን፤ በቃ፣ ይኸው ነው።
ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ሐዲዱን የሚነክስ ፍሬን፣
እሱ ነው አሥሬ የከሸፈው፣ አሥር ሌሊት የነሣኝ እንቅልፌን።

የሕንጻው ኮሚቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲመክር፣
ፎርቱና «ያጠብኩት ልብስ ላይ ቅባት ቢንጠባጠብስ?» ትል ጀመር፤
አርካዲ፣ ከማዕድን ጉድጓድ ጡረታ የወጣው፣
ንድፌን ገልብጦ አየና፣ «ፍሬኑ ጥሩ ነው፣» አለ፣ «ፒኑን ግን አወፍሪው።»
ስድስት እጅ ወጣ። አንዱ ሰው ተኝቶ ነበር፤
እሱንም ደግፏል ብለን ጻፍን።

የቀረኝ የጭነቱ ልክ ነው። ብረቱ ከዚያም በላይ ይችላል፣
ሰንጠረዡ እንዲያ ይላል፤ ግን ልክ ከሰንጠረዥ ብቻ እንዴት ይወጣል?
«አባባ፣» አልኩት፣ «ሳታርፍ፣ ብቻህን፣ እስከ አራተኛው፣
ትልቁ ሸክምህ ስንት ነበር?»
የሱፍ ፍሬውን ቆረጠመ። ቆየ።
«ፍሪጅ። ሰባ ሁለት ኪሎ።
ፒያኖው አይቆጠርም፤ እሱን ለሁለት ነው ያነሣነው፣ ከደሳለው ጋር።»
ስለ ደሳለው ሌላ አልጨመረም።

እኔም በቀይ ቀለም፣ በሁለት ቋንቋ፣ ቆርቆሮው ላይ ጻፍኩት፦
«ከሰባ ሁለት ኪሎ አይበልጥም። ሰው መጫን ክልክል ነው።»
አባባ መነጽሩን ጠረገ፤ የመጀመሪያውን መስመር አለፈው፤
ሁለተኛውን ሁለቴ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ አነበበው፣
ሰው። መጫን። ክልክል ነው።
«እንዲህ የሚል ጽሑፍ፣» አለኝ፣ «ያኔ የት ነበር፣ ልጄ?»

ዓርብ ጠዋት ሞከርነው፤ የፎርቱናን የሰድር ካርቶን ጭነን።
ቁልፉን ስጫን ገመዱ ተወጠረ፤ ሣጥኑ ከመሬት ሲላቀቅ
አየሁት አባቴን፦ ጉልበቱን ሰበር፣ ጀርባውን ጎበጥ፣ ትንፋሹን ያዝ፣
ማንም ምንም ሳይጭንበት።
ከዚያ አፈረ መሰለኝ፤ እጆቹን የሚያደርግበት ጠፋው፤
«ላይ ማን ሊቀበለው ነው?» ብሎ ባዶ እጁን መውጣት ጀመረ።
ሠላሳ አራተኛዋ ደረጃ ላይ ጉልበቱ እምቢ አለው፣
መስኮቱን ተደግፎ ቆመ።
ሣጥኑ እያዘገመ፣ ትንሽ እየጮኸ
(ግራሶ አንሶት ነው፣ ይስተካከላል)
በፊቱ ሲያልፍ፣
«ሂድ፣» አለው፣ እንደ ሰው፣ «እደርስብሃለሁ።»