የጀርባው ሰው

ካሜራው ፊት ነስቶት፣ ጀርባውን ወደደ፤
ሞክ ካምሲንግ በሰው ስም ከጣራ ወረደ።
ጀግናው በሐር ካባ ሻዩን እየጠጣ፣
የሞክ ጉልበት ነበር ስንጥቅ የሚያወጣ።
«ይደገም» አሉት፤ ደገመ።
«አቧራው አላማረም» አሉት፤ ሠለሰ።

ዛሬ ሻም ሹይ ፖ ውስጥ የሕንፃ ዘብ ሆኖ፣
ሊፍት ይጠብቃል ጉልበቱን ሸፍኖ።
አንድ ሌሊት ከትንሿ ቴሌቪዥን
ያ ፊልም መጣ፤ ከበሮው ጮኸ፤
«ቃሌን ከምበላ ሰይፌን ልዋጠው!» አለ ጀግናው፣
ብሎም ከጣራው ዘለለ።

እንቅልፍ እንቢ ያላት የአምስተኛ ፎቅ ልጅ
«ሞክ አጎቴ፣ ያ የሚወድቀው ማነው?» አለች።
ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና
«ጀግናው ነዋ!» አላት።
አመነች።

ወር በገባ ማግስት ደረጃውን ይወጣል፤
ገመድ የከዳው የፉንግ ሚስት በር ሥር
አንዲት ፖስታ ይሰዳል።
ሃያ ሁለት ዓመት።
ወረቀት የለው፣ ምስክር የለው፤
በሆስፒታል አልጋ፣ በሟች ጆሮ ብቻ የገባ ቃል።
ከበሮ የሚመታለት የለም፤
ሲመለስ ሊፍቱ ብቻ
ሰባተኛ ፎቅ ላይ «ቲን» ይላል።