ጥፍር አይነሳም

እከክ የሰጠ ጌታ፣ ጥፍር አይነሳም አሉ፤
የሰጠኝን ጥፍር፣ ነርሷ ነሳችኝ በሙሉ።
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከክሊኒኩ ወንበር፣
በመቀስ ከረከመችው፣ እንደ ጓሮ አጥር።
«ችፌ ነው፤ አይጋባም» አለች፣ ክርኔን ገልጣ፤
(ይህንን የሚነግርልኝ፣ ከወዴት ይምጣ
ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ለእነ ሐሊማ ደጅ፣
ኩባያ ለሚለዩብኝ፣ ለማይዘረጉ እጅ?)
«ሙቅ ውሃ ይቅርብሽ፤ ሳሙናም ቀንሺ፤
ገላሽ እርጥብ ሳለ፣ ቫዝሊኑን አዳርሺ፤
ቅባቱን ለቀላው ብቻ፣ በስሱ ዳብሺ፤
ናይለኑን ጥለሽ፣ ጥጥ በጥጥ ልበሺ።»

ጥጥ አለችኝ እኮ! ጥጥ ፋብሪካ ሃያ ዓመት የኖርኩ፣
ከማቅለሚያው ገንዳ፣ ይህንን ያተረፍኩ።
ከሥራ ጓንቴ ሥር፣ የጥጥ ጓንት ጨመርኩ፤
አለቃዬ ሲስቅ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቀኑስ ይገፋል፤ ሌሊቱ ነው ክፉ፤
ሙቀቱ ሲታፈን፣ አንሶላው እሾህ ሲሆን ጫፉ፣
«ኑርዬ» እላለሁ፣ «ከጀርባዬ ላይ፣ እዚያች ጋ፣
ጥቂት ብቻ እከክልኝ፣ እስኪነጋ...»

ድሮ እከክልኝ ልከክልህ ነበር ትዳራችን፤
ዛሬ «አላክልሽም» ይላል። ይነሳል ከአልጋችን፣
ከጀሪካኑ ቀድቶ፣ ነጭ ጨርቅ ነክሮ፣
ጨምቆ ያኖርልኛል፣ አጥፎ፣ አሳምሮ፤
መዳፉን ከላዩ ያሳርፋል፣
ሳያሽ፣ ሳያክክ፣ ዝም ብሎ።
እሳቱ ያልፋል።

አልዋሽም፤
እሱ ሲያንኮራፋ፣ በአልጋው ቋሚ ተሻሽቻለሁ አንዴ፣
እንደ ላም።

ጠዋት አንሶላውን ሳነሳ፣
የደም ነጠብጣብ ሁለት ብቻ።
ያለፈው ሰኞ ሰባት ነበሩ።