የአልጋው ራስጌ

ከሂርማታ ቆጪ፣ ከቆጪ ጅሬን ጫፍ፣
ደሞዛችን ቆሞ ኪራይ ጥሎት ሲያልፍ፣
ይኸው አራተኛ።

የሠርጋችን አልጋ፣ የአባ ዲጋ ሥራ፣
ራስጌው ላይ ሐረግ ከዳር ዳር ያፈራ፣
በዚህ በር አልገባም።

ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሰያፉን አሰላሁ፤
ስድስት ጣት ጎደለኝ፤ ደግሜም ለካሁ።
«ይቆረጥ» አለችኝ አከራያችን ዘምዘም፣
ደግሞም ድምጿን ቀንሳ፦ «የባንክ ዕዳ አለብኝ፣ እኔም።»

ነጂባ ከጤና ጣቢያ መጥታ፣ ጋውኗን ሳታወልቅ
መጋዙን አነሳች።
«ቤት ስንሠራ እንቀጥለዋለን» አለች።
ሳቅን።
ከዚያ ያዝኩላት።

ቁራጩ ደጅ አደረ፣ ዝናብ ሲወርድበት፤
እስካሁን ማንም ኪራይ አልጠየቀበት።

አሁን ሐረጉ ግማሽ ቅጠል ላይ ያበቃል፤
ሌሊት በጣቴ ስከተለው
ግድግዳው ይቀድመኛል።