ውሎ አበል

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሻርጃ ላይ ወረድን፣
እኔ ከላይ በወንበር፣ ፍየሎቹ ከታች፣ በአንድ ሆድ ውስጥ አድረን።
እነሱ በሣጥን፣ ተገፈው፣ ተመዝነው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው፤
እኔ በከረባት፤ እንግዳ ተቀባዩ ፓስፖርቴን ገልጦ እንደ ጎድን አየው።

ክፍል ሰባት መቶ አሥራ አራት ገባሁ፣
በር ስከፍት ብርዱን አወቅሁት፤ የሞጆው መጋዘን መስሎኝ ካፖርት ፈለግሁ።
ጣሪያው ላይ ቀስት አለ፣ ቂብላ የሚያመለክት፣
ፍሪጅ ውስጥ ውሃ አለ፣ ዋጋው የተጻፈበት፤
ነካሁና ተውኩት።

ወይዘሮ በለጡ ከሂሳብ ክፍል፣ ሲሸኙኝ ያሉኝን አልረሳም፦
«ደረሰኝ የሌለው ጉርሻ፣ እኛ ዘንድ አልተበላም።»
አበሉ በዶላር ነው፣ በቀን ተቆርጦ፣
ግማሹ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ከኪሴ ሳይገባ ተውጦ።
ታዲያ ምን ይበላል?
ቁርስ ከመኝታው ጋር ነው፤ ሆዴ የቀኑን ሥራ በጧት ይጨርሳል።

ቁርስ ላይ ሰው ሁሉ የገዛ አገሩን ይፈልጋል፤
ህንዱ ሳምባሩን ቀድቶ ዝም ይላል፤
ግብፃዊው ፉሉን በሎሚ ያጠምቃል፤
አንድ ቀጭን ሩሲያዊ ሐብሐብ ብቻ ይቆልላል።
እኔ ከሁሉም አነሳሁ፤ ለጧት፣ ለምሳ፣ ለማታ፣
አምስት ቅቅል እንቁላል በሶፍት ጠቅልዬ፣ ከላፕቶፑ ጎን አስተኝቼ በዝግታ፤
አስተናጋጁ አየኝ። ዓይኑን ወደ ጭማቂው መለሰልኝ በዝምታ።

ቀኑ በወደቡ መጋዘን አለፈ። ሱኒል የሙቀት መዝገቡን ዘረጋ፣
አንዲት ቀይ ነጥብ በጣቱ ነካ፦ «ሁለት ዲግሪ፣ ሁለት ሰዓት። ስምንት በመቶ ቀንሱ ከዋጋ።»
ሦስት ቀን ተከራከርን፤ ሻይ በወተት እየደጋገመ ሰጠኝ፣
ነጥቧን ግን አልፋቀልኝ።

ማታ ማታ መስኮቱ ጋ፣ ካንቀላፋው ባሕር ፊት፣
እንቁላሌን ልጬ፣ ሚጥሚጣዬን ፈትቼ ከወረቀት፣
ታች መንገድ ላይ መኪናው እንደ ጉንዳን ሲተም፣
እበላለሁ። ቆጥሬ። ቅርፊቱን የት እንደምደብቅ ግን አላውቅም።

ሮላ ሰፈር አንድ ካፍቴሪያ አለ፤ ስም አይጠይቁም፣
ባዶ ደረሰኝ ይሸጣሉ። ማኅተሙ እውነት፤ ዋጋውን አንተው ሙላው፤ አያፍሩም።
አበልና እብለት ዘመዳሞች መሆናቸውን ያወቅሁት እዚያ ነው፤
ላልተበላ እራት ሦስት ምስክር ገዛሁ፤ ወረቀት ቢመሰክር ምን ገደደው?

በሦስተኛው ማታ በሩ ተንኳኳ።
ፎጣ የያዘች ሴት። ደረቷ ላይ «ሮዚ» ይላል፤ ፊቷ ግን ሮዚ አይደለም ለካ።
«ጋሼ፣ ቅርጫቱን የማነሳው እኔ ነኝ» አለች፣ በወሎ አማርኛ፣
«ሦስት ቀን ሙሉ የእንቁላል ቅርፊት! ሰው አይደለንም እኛ?»
ስሟ ሩቅያ ነው፣ የከሚሴ ልጅ። ሩቅ የሚለው ቃል ስሟ ውስጥ ተቀምጧል፤
እሷ ግን ቀረብ ብላ ከፎጣው ሥር ሣህን አወጣች፤ በፎይል ተሸፍኗል፣ ይሞቃል።
«ታች አዳራሽ ሠርግ አለ። የተረፈውን ይደፉታል። እኔ አልደፋም።»
ስድስት ክፍል ይቀራታል፤ ለምስጋናዬ አልቆመችም።

ገለጥኩት። ሩዝ፣ ዘቢብ፣ ከላዩ የጎድን አጥንት፤
ቀጭን፣ አጭር። በእጄ አገላበጥኩት፣
አወቅሁት። የቦረና ፍየል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያየሁት፣ በመብራት፣ በጓንት፤
ምናልባትም እኔው የፈረምኩለት።
ያቺ ቀይ ነጥብ ያረፈችበት ይሆን? ቀመስኩት። ምንም የለበትም።
(ለሱኒል አልነገርኩትም፤ ማስረጃውን በላሁት አይባልም።)
በአሥራ ሁለት ዓመት፣ ከላክሁት ቶን ሁሉ፣ አንድ ጎድን ነው የደረሰኝ፣
እሱም ባሕር ተሻግሮ፣ በሩቅያ እጅ፣ ያለ ደረሰኝ።

ስመለስ አውሮፕላን ውስጥ ቅጹን ሞላሁ። ቁርስ፦ በሆቴሉ። ምሳ፦ ሻይ። እራት፦
ሁለቱን የሮላ ወረቀት ለጠፍኩ፤ እጄ አልራቀም ከሐሰት።
ሦስተኛውን ግን ቀደድኩት።

«የሦስተኛው ቀን እራት የታለ?» ይላሉ ወይዘሮ በለጡ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።
«ደረሰኝ» እላለሁ።
«አምጣዋ!» ይላሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው።