ኖራ

ስድስት ወር ሆነን ይኸው፣ ሲሚንቶ ስንፍቅ፣
ጣልያን የለጠፈው፣ እንደ እከክ የማይለቅ።
መሮው ጠቅ፣
ጠቅ፤
አቧራው ተከትሎን አራዳ፣ ሻይ ብርጭቋችን ውስጥ ድረስ።

እንዳላማው ጠራኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
አንዳች የተኛ ነገር እንዳይነቃ ፈልጎ።
«ና እስቲ፣ መብራቷን ያዝልኝ።» ያዝኩለት።
ከመስኮቱ ቅስት ሥር፣ እርግብ ከምታድርበት፣
ቀይ።
ጥፍር የምታህል፤ ኧረ ጥፍርም አትሆን፣
የምስር ክክ ናት እንጂ። ግን ቀይ፤ ወይ ቀይ መሆን!
ከጎኗ ደግሞ ጭረት፣ የተልባ አበባ የመሰለ፣
ሰማያዊ፤ ከኖራው ጠርዝ ሾልኮ ብቅ ያለ።

ታች፣ ከሣሩ ላይ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤
ቬሎዋን ሦስት ሚዜዎች ከእሾህ ያድናሉ።
ሲራክ አስጎብኚው፣ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ፣
«ይህ ግንብ» ይላል፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ጌጥ አያውቅም፤ ድንጋይ ነው፣ ያለ ቀለም የከበረ።»
እኔም እንደዚያው ነበር የማውቀው። ልጅ ሆኜ
ከጀርባው ኳስ ስንለጋ፣ ግንብ ለእኔ
የሐምሌ ደመና ነበር፣ መሬት ላይ የቀረ።

እንዳላማው ሜትሩን ዘረጋ። ለካ።
በእርሳስ፣ በሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፈ፤ ደግሞ ለካ።
ለካ፣
ለካ ቀይ ኖራለች፣ ከኖራ ሥር ኖራ፣
ሦስት መቶ ክረምት፣ ስሟ ሳይጠራ፤
ለካ ይህ መስኮት፣ ዓይኑን ተኩሎ፣
ቁልቁል ቀሃን ያይ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ውሎ።

ማን ነበር የቀባው? አላውቅም። ግን ጠጋ ብዬ ሳይ
አንድ ጠጉር ቀርቷል፣ ከቀለሙ ላይ፣
የብሩሹ፤ እንጃ፣ የፍየል ይሁን የሰው።
ተነቅሎ ሲቀርበት ተናዶ ይሆናል ሰውየው፤
ሊለቅመው ሲል ማን ጠራው? ወይስ ዝናብ መጣበት?
ጣቱን በምን ጠረገ? ሚስቱስ፣ ሸማውን ስታጥብለት፣
አልተቆጣችም?

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከመሰላል ወረድን።
መጀመሪያ ግን እንዳላማው በንጹሕ ጨርቅ ሸፈናት፤
«ነገ ለኃላፊው እንነግራለን» አለ፣ «ዛሬ ግን የእኛ ናት።»
ሲራክ በሩ ላይ ነበር፦ «ዛሬስ ምን አገኛችሁ?»
«አቧራ» አለው እንዳላማው።
እኔ ኪሴ ውስጥ ጣቶቼን አጠፍኩ፣ ዝም ብዬ፤
ቀለም ያልቆጠርኩ ሰው
ዛሬ ሁለት ቆጠርኩ።