ቋሚ ነዋሪ

ካርዴ ላይ ያለው ቃል «ቋሚ ነዋሪ» ነው።
ውሸት የለበትም፤ ከንጋት ጀምሬ
ሱ ፎልስ፣ ወንዙ ዳር፣ ካሳማው ቄራ ውስጥ
ቆሜ ነው የምውለው፣ ቢላዋ ጨብጬ፤
ቋሚ ማለት እኔን ካልሆነ ማንን ነው?

ግን ለቋሚም ቀን ተቆርጦለታል ለካ፤
እንደ ወተት ካርቶን ግርጌው ላይ ታትሞ
መቆም እንኳ እዚህ በአሥር ዓመት ተለካ።

ቅጹን የሞላልኝ የእህቴ ልጅ ያፌት
ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ጠየቀኝ፦
«ጠፋ? ተሰረቀ? ተበላሸ? አበቃ?»
«አበቃ በልልኝ፣ እሱ ይሻላል፤ በቃ።»
«ያበቃው ካርዱ ነው፣ አክስቴ፤ አንቺ አይደለሽም»
ብሎ ሳቀ።
እኔ ገና እያሰብኩት ነው።

ጥር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
ካለቃዬ ላይ ሁለት ሰዓት ለምኜ፣
በረዶው ከጫማዬ ሥር እንደ ጨው እየተንኮሻኮሸ
ደረስኩ፤ ወረፋ ያዝኩ።
«ሚስ ተሰማ!» ሲሉ አባቴ የመጣ መስሎኝ ዞር አልኩ።
የተሰማ ልጅ ነኝ፤ ስሜ የትናየት፤
በዚህ አገር ግን ተሰማ እንጂ
የትናየትን ማንም አላያት።

«እጅሽን እዚህ ላይ» አለች ሴትዮዋ።
አውራ ጣቴ፦ ቀይ መብራት።
መሀል ጣቴ፦ ቀይ መብራት።
ሌባ ጣቴን እንኳ መያዝ አቃተው ማሽኑ።
በአልኮል ወለወለችው፣ እንደ ማኅተም ጫነችው፤
መስታወቱ ያየው ግን
ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር ነው።

«ሥራሽ ምንድነው?»
«ትከሻ ካጥንቱ እለያለሁ፤ የአሳማ።
ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ክሎሪን አለበት።»
«ገባኝ» አለች። «ከዚያ ቤት የሚመጣ ሁሉ ጣቱ እንዲህ ነው።»

አገሬ ሳለሁ ማይክ የጨበጠ ሁሉ
«አሻራችሁን አኑሩ!» ይለን ነበር፣
ችግኝ በተተከለ፣ ሪባን በተቆረጠ ቁጥር።
ይኸው፣ አኖርኩ።
እየተላጠ እየተላጠ ሄደ በየፓኬቱ፣
በላስቲክ ታሽጎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት፤
አንዱ ጋ ቁርስ ሆነ፣ አንዱ ጋ ሳንድዊች፣
እኔ በማልቀምሰው ሥጋ፣ በማላውቀው ቤት።
ማን እንደሆንኩ ማጣራት የፈለገ መንግሥት
መስታወቱን ይተወውና
የሕዝቡን ፍሪጅ ከፍቶ ይመልከት።

«ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ተመለሽ። ቅባት ተቀቢ።
የመጨረሻውን ሳምንት ሥራ ባትገቢ ጥሩ ነው።
ያኔም እምቢ ካለ፣ ከፖሊስ ወረቀት እንጠይቅሻለን።»
ደግ ሴት ናት፤ ግን ሳምንት ማለት ለሷ ቃል ነው።
የቤት ኪራይ እጅ ይጠይቃል እንጂ
አሻራ ጠይቆ አያውቅም።

አንድም ቀን ሳልቀር ሠራሁ።
ማታ ማታ ቫዝሊን ተለቅልቄ
ሁለት ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ ተኛሁ።
«ቦክሰኛዋ!» ይለኛል ያፌት፣ መብራቱን ሲያጠፋልኝ።

ሁለተኛው ቀጠሮ።
ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ... መቁጠሩን ተውኩት።
ዘጠኙ ጣቶቼ አላውቃትም ብለው ካዱኝ።
የግራ እጄ ትንሿ ጣት ቀረች፤
ሥጋውን ስይዝ ከሌሎቹ ተለይታ
ወደ ላይ የምትቀሰር፣ ሥራ ፈት፣ ቀበጥ፤
«ምነው እንደ ወይዘሮ?» እያሉ የሚስቁባት።
መስታወቱ ላይ አረፈች።
አረንጓዴ።

ሴትዮዋ አጨበጨበች፤ እኔ እግሬ ከዳኝ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚያ ቢሮ፣ ቋሚዋ ተቀመጥኩ።

ቀሪውን እነሱ ይጨርሱታል አሉ።
ያረጀውን ካርድ የሚያስታምም ደብዳቤ ደረሰኝ፣
አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት።

ከዚያ ወዲህ፣ ጓንት ከማጥለቄ በፊት
ትንሿን ጣቴን በፕላስተር እጠቀልላታለሁ።
«ቆረጠሽ እንዴ?» ሲለኝ አለቃዬ
«ትንሽ ነው» እላለሁ።
አልነግረውም፤
ለሚመጣው አሥር ዓመት እያስቀመጥኳት ነው።